አዩርቬዳ ወይስ የሐኪም ቤት ሕክምና? ለአዋቂ ሰው ጤና የቱ ለምን ይሆናል

አክስቴ ስኳር ከያዛት 11 ዓመት ሆኗታል። ዱባይ እኖር በነበረበት ጊዜ ልትጠይቀኝ መጥታ ጥቂት ወራት አብራኝ ተቀመጠች። ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር አንዲት የህንድ ሱቅ ነበረች። እርዱን፣ ዝንጅብሉን፣ ሄሉን፣ የሽንብራ ዱቄቱን ስታይ አገሯ ያለች መሰላት። በየቀኑ ትወርዳለች። አንድ ቀን አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት የዱቄት ጣሳ ይዛ ተመለሰች። «ለስኳር ነው ልጄ፣ ከነሥሩ ይነቅለዋል ብሎኛል» አለችኝ። ሻይ ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒኗን እንዳቆመች አላወቅኩም። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ስትነሳ እሰማት ጀመር። ውሃ አልጠግብ አለች። ዓይኗ ብዥ አለባት። ጣቷን ወግቼ ስለካት ማሽኑ 380 አሳየ። ያን ሌሊት ሆስፒታል አደርን።

አሁን ደግሞ ሌላውን ግማሽ ልንገራችሁ። እዚያው ሕንፃ ላይ ከህንዷ ኬረላ ግዛት የመጡ አንዲት ጎረቤት ነበሩን። ለአክስቴ እራት በጊዜ እንድትበላ፣ ከመተኛቷ በፊት እግሯን ሞቅ ባለ የሰሊጥ ዘይት እንድታሽ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ እንዳትነካ መከሯት። እሷም እንዳሏት አደረገች። ለዓመታት ያጣችው እንቅልፍ መጣላት። (ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ሲያሽ በጣቶቹ መሃል ቁስል መኖር አለመኖሩን ማየት አለበት። ዘይቱም መሞቁን በእጁ ሳይሆን በክርኑ ይሞክር፤ የስኳር ሰው እጅና እግር ሙቀት ላይለይ ይችላል።)

ዱቄቱም ምክሩም አዩርቬዳ ይባላሉ፤ የህንድ የጥንት ሕክምና ነው። አንዱ ሆስፒታል አስገባት፣ ሌላው እንቅልፍ ሰጣት። ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው። የምጽፈው በደህና ጊዜው ጤናውን መጠበቅ ለሚፈልግ አዋቂ ሰው ነው። ካንሰር፣ የልብ ድካም ወይም ሌላ ከባድ ሕመም የተገኘበት ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን ልምረጥ ማለት የለበትም፣ ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ነው የሚሄደው።

## በምን እንመዝናቸው?

«የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። «ለምን ጉዳይ?» የሚል ሲጨመርበት ነው መልስ የሚኖረው። እኔ ስድስት ነገሮችን አያለሁ።

መጀመሪያ የማየው፣ ይሠራል የሚለው ነገር በሰዎች ላይ ተሞክሮ መረጋገጡን ነው። ቀጥሎ ጉዳቱን አያለሁ፤ ብቻውን ሲወሰድም፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝም። ሦስተኛው ከሁሉም በላይ የምከራከርለት ነው። የማይሰማንን በሽታ ያገኝልናል ወይ? ደም ግፊት አያምም። ስኳር ሲጀምር አያምም። የማህፀን በር ካንሰር ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ይቆያል። አራተኛ፣ ከዕለት ኑሯችን ጋር ይሄዳል ወይ፣ ለዓመታት ልንቀጥለው እንችላለን ወይ? አምስተኛ ዋጋው። ስድስተኛ ደግሞ፣ ምክሩን የሚሰጠው ሰው ምን ተምሯል፣ ቢያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል?

## አዩርቬዳ ምን ይላል?

ቃሉ ሳንስክሪት ነው። «አዩስ» ሕይወት፣ «ቬዳ» እውቀት ማለት ነው። ከ2,000 ዓመት በላይ የዘለቀ የህንድ የሕክምና ሥርዓት ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት በሰው አካል ውስጥ ሦስት ኃይሎች አሉ። ቫታ እንደ ነፋስ፣ ፒታ እንደ እሳት፣ ካፋ እንደ ውሃና አፈር ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ሲወለድ የራሱ የሆነ ድብልቅ ይዞ ይወለዳል። ድብልቁ ሲዛባ ሰው ይታመማል። ለእኛ ሐሳቡ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። «ነፋስ መታኝ»፣ «ብርድ ገባኝ»፣ «ምች ነው» የሚል ሰው የሚያስበው ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ሆድ ውስጥ ደግሞ «አግኒ» የሚሉት የምግብ መፍጫ እሳት አለ። ትልቁ ምግብ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይበላል፣ ያኔ እሳቱ ይበረታልና። እራት ቀለል ይላል፣ በጊዜም ይበላል። ሆድ አይሞላም፤ ግማሹ ለምግብ፣ ሩቡ ለፈሳሽ፣ ሩቡ ባዶ ይተዋል። መነሳት ከፀሐይ በፊት ነው። ይህን የዕለት ሥርዓት «ዲናቻርያ» ይሉታል። እንደየወቅቱ የሚለዋወጠው ደግሞ «ሪቱቻርያ» ነው። እንደ እኔ ከአዩርቬዳ ሁሉ ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ እኔም ሄጄ ታይቻለሁ። ህንድ የተማረ፣ ዱባይ የሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነበር። ቫይድያ ይሏቸዋል። ሦስት ጣቶቹን የእጅ አንጓዬ ላይ አሳረፈ። በሌባ ጣቱ ቫታን፣ በመሃል ጣቱ ፒታን፣ በቀለበት ጣቱ ካፋን ያዳምጣል። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ፣ ሌሊት ትባንናላችሁ ወይ፣ ሆዳችሁ በየቀኑ ይወጣል ወይ፣ ቁጣ ይቀናችኋል ወይ፣ እራት ስንት ሰዓት ነው፣ ስትበሉ ስልክ ታያላችሁ ወይ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወጣሁ። በስምንት ዓመት የክሊኒክ ምልልስ ውስጥ እራቴን ስንት ሰዓት እንደምበላ የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም።

ግን የደም ግፊቴን አልለካም። በጣት የሚዳሰስ የልብ ምት ፍጥነቱንና አመታቱን ይናገራል፤ ግፊቱ 120 ይሁን 160 አይናገርም። በወሩ ሌላ ቦታ ሲለካ ግፊቴ 152 በ96 ሆኖ ተገኘ።

### ማስረጃው የት ድረስ ነው?

ዮጋ ከአዩርቬዳ ጋር ጎን ለጎን ያደገ ነው። ለቆየ የወገብ ሕመም እንደሚረዳ ጥሩ ማስረጃ አለው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ኪኒን ከመጀመሩ በፊት ይሞከሩ ካላቸው መካከል ዮጋ አንዱ ነው። የትንፋሽ ልምምዱም ጭንቀት ለማርገብ ይረዳል።

ወደ ዕፅዋቱ ስንመጣ ነገሩ ይሳሳል። በአሁኑ ጊዜ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ አሽዋጋንዳ ነው። ይህ ተክል እኛም አገር ይበቅላል፣ ግዛዋ ነው። እኛ ሥሩን ለክፉ መንፈስ አጢሰናል፤ ህንዶች ፈጭተው በወተት ጠጥተውታል። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ተስፋ ሰጪ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን የተሳተፉት ሰዎች ጥቂት፣ ጊዜውም ጥቂት ሳምንታት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ ከእነዚያ ጥናቶች ማወቅ አይቻልም። ጉበት የተጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ዴንማርክ በ2023 ሽያጩን ከልክላለች። ጊሎይ የሚሉትም ሐረግ በኮቪድ ጊዜ «መከላከያ ያጠነክራል» ተብሎ ብዙ ተወሰደ፤ የሙምባይ ሐኪሞች በ2021 የጉበት ጉዳት ያገኙባቸውን ታካሚዎቻቸውን ታሪክ አሳትመዋል።

ዕፅዋቱ ባዶ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሳርፓጋንዳ የሚሉትን ሥር ህንዶች ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በ1949 ሩስተም ጃል ቫኪል የተባሉ የህንድ የልብ ሐኪም ግፊት እንደሚቀንስ በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳዩ። በ1952 የስዊስ ተመራማሪዎች ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ሬሰርፒን ይባላል፣ ለግፊት በስፋት ከተሰጡ የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። በኋላ ግን ድብርት ያመጣል ተብሎ ተፈራ፣ የተሻሉም መጡ፣ ዛሬ እምብዛም አይታዘዝም። ሥሩ ተፈጥሯዊ ነበር። ኃይልም ነበረው። ኃይል ያለው ነገር ደግሞ መጠን ይፈልጋል።

### ትልቁ ስጋት፦ ጣሳው ውስጥ ያለው

በአዩርቬዳ ውስጥ «ራሳ ሻስትራ» የሚባል ክፍል አለ። ሜርኩሪን፣ እርሳስን፣ ሌሎችንም ማዕድናት አቃጥሎ፣ አጥቦ፣ ከዕፅዋት ጋር ቀምሞ መድኃኒት ያደርጋቸዋል። አመዱን «ባስማ» ይሉታል። ቀማሚዎቹ መርዙ በእሳት ይጠፋል ብለው ያምናሉ። የላብራቶሪ ምርመራ ግን ይህን አያረጋግጥላቸውም። በ2008 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ከኢንተርኔት የተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ ነበር። ከአምስቱ በአንዱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኘ። አሜሪካ የተመረቱት ከህንዶቹ አልተሻሉም። በባስማው መንገድ የተሠሩት ላይ መጠኑ ወደ አራት ከአሥር ከፍ አለ።

እርሳስ ለነፍሰ ጡር እጅግ አደገኛ ነው፤ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በ2011 እና በ2012 ስድስት ነፍሰ ጡሮች ከእንዲህ ዓይነት መድኃኒት በእርሳስ ተመርዘው ተገኝተዋል። ተራው እርድ እንኳ ጥንቃቄ ይሻል። ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫው ደምቆ እንዲታይ የእርሳስ ቀለም ይቀላቅሉበት እንደነበር በ2019 ተጋልጧል። 

«ፓንቻካርማ» የሚሉት የማጽዳት ሕክምናም አለ። ማስመለስ፣ ማስቀመጥ፣ በፊንጢጣ መድኃኒት መስጠት፣ በአፍንጫ ማንጠባጠብ፣ ደም ማውጣት። ኮሶና ዋግምት ላደጉበት ሰው አያስደንቅም። በሰለጠነ ሰው እጅ የሚደረገው የዘይት እሽትና የእንፋሎት መታጠቢያ ጎኑ ሰውነት ያዝናናል። ማስመለሱና ማስቀመጡ ግን የግፊት ወይም የኩላሊት መድኃኒት የሚወስድን ሰው ውሃና ጨው አሟጦ ሊጥለው ይችላል። አፍንጫ በውሃ ማጠብ የሚወዱም ውሃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በ2011 አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ በቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን ያጠቡ ሁለት ሰዎች አንጎል በሚያጠቃ አሜባ ሞተዋል።

## የሐኪም ቤቱ መንገድ ምን ይላል?

የምዕራቡ ሕክምና ትልቁ ጉልበቱ መቁጠሩ ነው። በ1948 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍሬሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 አዋቂዎችን መዝግበው ለአሥርተ ዓመታት ተከታተሉ። ማን በልብ ሕመም እንደተያዘ፣ ከዚያ በፊት ግፊቱ፣ ኮሌስትሮሉና የሲጋራ ልማዱ ምን እንደነበር አነጻጸሩ። ግፊት ከፍ ማለቱ «የዕድሜ ነገር ነው» ይባል የነበረው አስተሳሰብ በዚህ መንገድ ወደቀ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአክስቴ ቤተሰብ በቀጥታ የሚሆን ነው። ውጤቱ በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳር ሊይዛቸው የተቃረበ 3,234 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። ለአንዱ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን፣ ለሁለተኛው ሜትፎርሚን ሰጠ። ሦስተኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ፣ ከማስመሰያው ጋር ሲነጻጸር ሜትፎርሚን በስኳር የመያዝን ዕድል በ31 በመቶ ቀነሰ። በእግር መሄዱና አመጋገቡ ግን በ58 በመቶ። ኪኒን ሠሪዎቹ ራሳቸው በሚታመኑበት የጥናት ዘዴ ተለክቶ፣ ወክ ማድረግ ኪኒኑን በለጠ። «የፈረንጅ ሕክምና ኪኒን ብቻ ነው» ለሚለኝ ሰው ሁሌ ይህን እነግረዋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ተመጣጣኝ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ከዚያ የተደበቀውን መፈለግ ይመጣል። የግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ይጠቀለላል፣ ይነፋል፣ በአንድ ደቂቃ ቁጥሩን ይነግራል። የስኳር ምርመራ ጠብታ ደም ነው። የማህፀን በር ምርመራ አገር ቤት ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች በጤና ጣቢያ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የሚቀባው አሴቲክ አሲድ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለዚሁ ካንሰር መከላከያ የሆነው የኤችፒቪ (ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ይህን የሚተካ ዘይትም ሥርም የለም። እዚህ ላይ «ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው» ብዬ ላለሰልሰው አልችልም።

ድክመቱስ? አለው፤ ያውም ብዙ። ሐኪሙ ጊዜ የለውም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀት ተጽፎ ትወጣላችሁ። «ስፖርት ሥሩ፣ ጨው ቀንሱ» ይባላል፣ እንዴት እንደሆነ ግን አይነገርም። በእንቅልፍ፣ በሐዘን፣ በብቸኝነት ላይ ብዙም አይቆይም። የግል ክሊኒኮች በጥቅል የሚሸጡት «ሙሉ ቼክአፕ» ደግሞ ስሙን ያህል አይሠራም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ገምጋሚዎች በ2019 ባደሱት ግምገማ አጠቃላይ ቼክአፕ ሞትን እንደማይቀንስ ደምድመዋል። ጥቅም ያላቸው በዕድሜና በቤተሰብ ታሪክ የተመረጡ ጥቂት ምርመራዎች ናቸው። ሃያ ዓይነት የደም ምርመራ ያዘዘ ሰው አንዱ ትንሽ ከመስመር ወጥቶ ለሳምንታት ሲጨነቅ አይቻለሁ።

## የሚጋጩባቸው ቦታዎች

በሁለቱ መካከል ትልቁ ጠብ ቅቤ ላይ ነው። አዩርቬዳ ንጥር ቅቤን ያከብራል። ለአእምሮ፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለምግብ መፈጨት ይለዋል። የሐኪም ቤቱ መንገድ የቅቤው ስብ መጥፎውን ኮሌስትሮል እንደሚጨምር ደጋግሞ ለክቷል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ኮሌስትሮሉ ደህና የሆነ ሰው በሽሮው ላይ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ቢጨምር አልከራከረውም። «በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ጠጣ» የሚለውን ግን ልቡ ለታመመ ወይም ኮሌስትሮሉ ለጨመረ ሰው አልመክርም።

የህንዶቹ ጥቁር ስኳር ጃገሪም ያው ስኳር ነው፣ ስሙ አያታላችሁ። የድንጋይ ጨውም ያው ጨው ነው።

የሚስማሙበት ግን ከሚጋጩበት ይበልጣል። ምስር፣ ሽንብራ፣ ጎመን መብላት። ሲጋራ አለማጨስ። አብዝቶ አለመብላት፣ መንቀሳቀስ፣ በሰዓቱ መተኛት። ኬረላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ፣ ልክ በእኛ ክረምት፣ «ካርኪዳካም» በሚሉት የዝናብ ወር ሰዉ በዘይት ይታሻል፣ ቅመምና ቅጠል የገባበት የሩዝ አጥሚት ይጠጣል። እነዚሁ ሰዎች ልጆቻቸውን ያስከትባሉ፣ ግፊታቸውን ይለካሉ፣ ሲታመሙ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ጎረቤታችን የአክስቴን ጣሳ ባዩ ጊዜ በጣም ነው የተቆጡት። «እኔም እኮ የግፊት ኪኒኔን እወስዳለሁ!» ነበር ያሏት።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | አዩርቬዳ | የሐኪም ቤት ሕክምና |
|---|---|---|
| ማስረጃ | ለዮጋ ጥሩ፤ ለዕፅዋቱ የሳሳ | ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለክትባት ጠንካራ |
| ጉዳት | ዮጋውና የዕለት ሥርዓቱ ቀላል፤ ዱቄቱና ኪኒኑ ላይ ከባድ ማዕድንና የጉበት ስጋት | የታወቀና የተመዘገበ፤ ያለበቂ ምክንያት የሚታዘዝም አለ |
| የተደበቀ በሽታ ማግኘት | አይችልም | ዋና ጉልበቱ |
| ከዕለት ኑሮ ጋር መሄድ | በጣም ይሄዳል | ምክሩ አለ፣ «እንዴት» የሚለው ይጎድላል |
| ዋጋ | ሥርዓቱ በነፃ፤ ጣሳውና ፓንቻካርማው ውድ | መሠረታዊው ርካሽ፤ የግል ቼክአፕ ውድ |
| የባለሙያ ተጠያቂነት | ህንድና ዱባይ ፈቃድ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጥ ክፍለ ግዛት የለም | ፈቃድና ቁጥጥር በየአገሩ አለ |

ስለ መጨረሻው መስመር አንድ ነገር ልጨምር። ህንድ ውስጥ የአዩርቬዳ ዲግሪ ከነልምምዱ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከ2014 ጀምሮ ጉዳዩን የሚመራ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አለ። እንዲህ የተማረ ሰውና ሳምንት የኢንተርኔት ኮርስ ወስዶ «የአዩርቬዳ አማካሪ» የሚል ካርድ ያሳተመ ሰው አንድ አይደሉም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በ1994ቱ ሕግ መሠረት እነዚህ ጣሳዎች የምግብ ተጨማሪ ተብለው ስለሚሸጡ፣ መደርደሪያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥት ማረጋገጫ እንደማይጠየቅባቸው እወቁ።

## ታዲያ እናንተ የትኛውን?

ወጣት ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም። ከአዩርቬዳ ነፃውን ውሰዱ። ትልቁን ምግብ ቀን ላይ አድርጉት፣ እራትን ከመተኛታችሁ ሦስት ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ብሉ፣ በጊዜ ተኙ። ምንም ዱቄት አትግዙ። ከሐኪም ቤቱ ደግሞ ግፊታችሁን ቢያንስ በየጥቂት ዓመቱ አስለኩ። ሴቶች 30 ሲሞላችሁ የማህፀን በር ምርመራውን ጠይቁ።

40 አልፌያለሁ፣ ቤተሰቤ ውስጥ ስኳር ወይም ግፊት አለ። እናንተ ከሐኪም ቤት ጀምሩ። ግፊት፣ የስኳር ምርመራ (የሦስት ወሩን አማካይ ማሠራት ከቻላችሁ የተሻለ ነው)፣ ኮሌስትሮል፣ የወገብ ዙሪያ። ለሁለት ጣሳ ዱቄት የምታወጡትን ገንዘብ አጠራቅማችሁ የክንድ የግፊት መለኪያ ግዙ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ለዓመታት ያገለግላል። ከዚያ የዕለት ሥርዓቱን ጨምሩበት። እኔም 152 ካየሁ በኋላ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ጨው ቀነስኩ፣ እራቴን ወደ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አመጣሁ፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ እሄዳለሁ። ኪኒንም እወስዳለሁ።

መድኃኒት ላይ ነኝ። ዮጋና የዘይት እሽት ይቻላል። የሚዋጥ ነገር ግን ለሐኪማችሁ ወይም ለፋርማሲስቱ ሳታሳዩ አትጀምሩ። እርድ በወጥ ውስጥ ችግር የለውም፤ በኪኒን መልክ በብዛት ሲወሰድ ግን ከደም ማቅጠኛ ጋር አይስማማም። ህንዶቹ ሙሌቲ የሚሉት ጣፋጭ ሥር ግፊት ይጨምራል። አሽዋጋንዳ የታይሮይድና የእንቅልፍ መድኃኒት ያዛባል። ስኳር የሚቀንስ ዕፅ ከስኳር ኪኒን ጋር ተደርቦ ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ወይም እያጠባሁ ነው። የሚዋጥ የአዩርቬዳ መድኃኒት ጨርሶ አይሆንም።

ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ነው ያስቸገረኝ። እዚህ ላይ አዩርቬዳ ብዙ ያግዛል። በሰዓቱ መተኛት፣ የትንፋሽ ልምምድ፣ ዮጋ፣ የእግር እሽት። ለአንድ ወር ሞክሩት። ሐዘኑ ካልለቀቃችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ ወይም የመኖር ፍላጎት ካጣችሁ ግን ወሩን አትጠብቁ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ገንዘብ አለኝ፣ ኬረላ ሄጄ ሁለት ሳምንት መታከም እፈልጋለሁ። ሂዱ፣ ደስ ይላል። የሚረዳችሁ ግን ከሁሉ በላይ ዕረፍቱ፣ እሽቱና ቀላሉ ምግብ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግፊታችሁን፣ ስኳራችሁንና ኩላሊታችሁን አሳዩ። ቤት ስትመለሱ የሚያስይዟችሁን የኪኒን ከረጢት ደግሞ ምን ምን እንዳለበት በጽሑፍ ጠይቁ።

## ጣሳ ከመግዛታችሁ በፊት

ጀርባውን አዙሩት። አምራቹ፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ የእያንዳንዱ ዕፅ ስምና መጠን ተጽፏል? «የምስጢር ቅመም» የሚል ከሆነ መልሱት። በስሙ ውስጥ «ባስማ» ወይም «ራስ» የሚል ካለ መልሱት። ለከባድ ማዕድን የተመረመረበትን ወረቀት ጠይቁ፤ ሻጩ ሳቅ ካለ መልሱት። ስኳርን፣ ግፊትን፣ ካንሰርንና የወገብ ሕመምን አንድ ላይ እፈውሳለሁ የሚልም ይመለስ። የገዛችሁት ካለ ደግሞ የጣሳውን ፊትና ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና በቀጠሯችሁ ቀን ለሐኪሙ አሳዩት። «ይቆጣኛል» ብላችሁ አትደብቁ። አክስቴ የደበቀችው ቁጣውን ፈርታ ነበር።

ጣሳውን ተማምናችሁ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒታችሁን ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ ተለኩ። ፋርማሲም ይሁን ጤና ጣቢያ፣ የቀረባችሁ ቦታ ሂዱ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉትና መድኃኒቱን ላዘዘላችሁ ሐኪም ደውሉ። ጥም፣ ብዙ ሽንት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ማስመለስ ካለ ስልኩንም አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።